የቻርሊ ምስክርነት

እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። የማነበውን መጽሐፍ እንድተርክላት ግን ትወዳለች፤ ቡና በተፈላ ቁጥር «ዛሬስ ምን ይላል?» ማለቷ አይቀርም። ከዓመታት በፊት በአንድ ቅዳሜ እንደ ልማዷ ስትጠይቀኝ በእጄ የነበረው፣ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው ከሚሸጡት ከአንዱ በርካሽ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ በ58 ዓመቱ፣ በፒክአፕ መኪና ጀርባ ላይ ትንሽ ቤት አስገጥሞ፣ ያረጀ ውሻውን ከጎኑ አስቀምጦ አገሩን እንዴት እንደዞረ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። መኪናው አልጋና ምድጃ እንዳለው ነገርኋት፤ ተደነቀች። ውሻውም ከሰውየው ጋር እዚያው እንደሚያድር ስነግራት አማተበች። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«ዘመድ የለውም እንዴ?» አለችኝ።

«አለው እንጂ እማዬ።»

«ሚስትስ?»

«አለችው።»

«ታዲያ እሷ የት ሄዳ ነው ከውሻ ጋር የሚንከራተተው?»

«ብቻውን መሆን ፈልጎ ነው» አልኋት። መልሱ አላረካትም። እኔም የፈረንጅ ጠባይ አልገባት አለ ብዬ በልቤ ፈገግ አልሁና ወደ ንባቤ ተመለስሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካነሳሱኝ ነገሮች አንዱ ያ ፈገግታ ነው፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ «ትራቭልስ ዊዝ ቻርሊ» ይባላል፤ «ከቻርሊ ጋር የተደረጉ ጉዞዎች» እንደ ማለት ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ሲሆን፣ ደራሲው በዚያው ዓመት የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሸልሟል። ጉዞው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1960 ኒው ዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ ላይ ከምትገኘው ከሳግ ሃርበር ነበር። ቻርሊ ፈረንሳይ አገር የተወለደ፣ ትልቅ ዘር ያለው ፑድል፣ ዕድሜው የገፋ ውሻ ነው። መኪናው ጂ.ኤም.ሲ. ፒክአፕ ሲሆን ስሙ ሮሲናንቴ ነው፤ ስታይንቤክ ስሙን የወሰደው ከዶን ኪሆቴ ፈረስ ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ ባለቤቱን በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ፣ አንድ ሽማግሌ ደራሲ መኪናውን እንደ ፈረስ ሰይሞ ሲነሳ ምን እያለ እንደሆነ ይገባዋል። «ገና አልደከምሁም» እያለ ነው። በእርግጥም ከጉዞው በፊት በነበረው ዓመት መጨረሻ ታሞ ነበር፤ ለሚያውቁት ሁሉ አሳቢ፣ ለራሱ ግን እልኸኛ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሚስቱ ኢሌን ብቻውን መሄዱ አስጨንቋት ስለነበር ውሻውን ልውሰደው ሲላት ደስ አላት።

መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የሚወደው ክፍል አለው። እኔ የምወደው የሰሜኑን ነው። ስታይንቤክ በመጀመሪያ የተጓዘው ወደ ሜይን ግዛት፣ ወደ ካናዳ ድንበር ነበር። ወቅቱ መከር ነው፤ ቅጠሉ ቀልቷል፤ ደኑ ማለቂያ የለውም፤ በደኑ ውስጥ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ባዩ ቁጥር የሚተኩሱ አዳኞች ተበታትነዋል። የቻርሊ ቀለም ከሩቅ አጋዘን ያስመስለዋል። ስለዚህ ስታይንቤክ ጅራቱን በቀይ የወረቀት መሐረብ ጠቅልሎ በላስቲክ ያስርለት ነበር። መጽሐፉን ሳስበው ከሁሉ በፊት ፊቴ ላይ የሚመጣው ይህ ነው፤ ማንም በሌለበት ጫካ ውስጥ ጅራቱ ላይ ቀይ ወረቀት የታሰረለት አሮጌ ውሻ፣ አጠገቡም ላስቲክ ሲያስር ጎንበስ ያለ ትልቅ ሰው።

ወደ ሰሜን ዘልቆ አሩስቱክ ከሚባለው የድንች አገር ሲደርስ፣ ድንበር ተሻግረው ድንች ለመልቀም የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የኩቤክ ቤተ ሰቦች ሰፍረው ያገኛል። እንግዳ ሰው ዝም ብሎ ወደ ሰው ሰፈር አይገባም። ስለዚህ ቻርሊን ይለቀዋል፤ ውሻው ወደ እንግዶቹ ይሄዳል፤ እርሱም ውሻዬ አስቸገራችሁ ወይ ብሎ ይቅርታ ለመጠየቅ ይከተላል፤ በዚያው ጨዋታ ይጀመራል። ማታ ሰዎቹ ወደ መኪናው ቤት ይመጣሉ፤ ቡናና መጠጥ ይቀርባል። ስታይንቤክ ቻርሊን አምባሳደሬ ይለዋል። በእኛ አገር እንግዳ ሰው ውሻ አስከትሎ ወደ ሰው ደጅ ቢመጣ ድንጋይ ይነሳበት ይሆናል እንጂ ቡና አይቀርብለትም፤ ቢሆንም ነገሩ ገብቶኛል። መንገድ ላይ ሕፃን ያዘለችን ሴት ሁሉም ያነጋግራታል።

ከዚያ ናያጋራ ደርሶ በካናዳ በኩል ሊያቋርጥ ሲል፣ የቻርሊ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ ባለመያዙ፣ ካናዳ ቢገባ እንኳ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ውሻው ሊከለከል እንደሚችል ይነገረዋል፤ ተናዶ ይመለሳል። እኔ ዘወትር የጎደለ ፊርማና የጎደለ መታወቂያ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን የምመልስ ነኝና፣ ይህን ሳነብ ልቤ ከሁለት ተከፈለ። ከዚያ ሚቺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ሚኒሶታ፣ ሰሜን ዳኮታ ይቀጥላል። ሞንታናን አፈቅራታለሁ ይላል። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ ለጠባቂው ውሻዬ ማንንም የማይተናኮል ሰላማዊ ነው ብሎ ከተናገረ በኋላ፣ ቻርሊ ድብ ሲያይ ፍጹም ሌላ ፍጡር ይሆናል፤ ይጮኻል፣ ይፎክራል፣ መስታወቱን ሰብሮ ሊወጣ ይታገላል። ስታይንቤክ አፍሮ ከፓርኩ ይወጣል። ቀጥሎ ቻርሊ ይታመማል፤ ሽንቱ አልወርድ ይለዋል፤ በስፖኬን ከተማ ያገኙት የእንስሳት ሐኪም ደግሞ ግድ የሌለው ሰው ነው። በእነዚህ ገጾች ውስጥ ስታይንቤክ አሜሪካ፣ ሕዝብ፣ ዘመን የሚሉትን ትልልቅ ቃላት ይረሳል። የታመመ ጓደኛ አለው፤ ሐኪም ይፈልጋል። በቃ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

እ.ኤ.አ. በ2010 መከር፣ ቢል ስታይገርዋልድ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ፣ ጉዞው 50 ዓመት በሞላበት ወቅት፣ የስታይንቤክን መንገድ ተከትሎ ተጓዘ። መነሻው ክፋት አልነበረም፤ ያኔና አሁን የሚል መጽሐፍ ሊጽፍ ነበር። ነገር ግን ደራሲው በየመንገዱ ለሚስቱ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች፣ የዘመኑን ጋዜጦችና በኒው ዮርክ ሞርጋን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን የመጽሐፉን የእጅ ጽሑፍ ከታተመው ጋር ሲያስተያይ፣ ቀኑ ከቀን፣ ቦታው ከቦታ አልገጥም አለው። የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ2011 በመጽሔት፣ በ2012 ደግሞ በመጽሐፍ አወጣ።

አንዱን ምሳሌ ልንገራችሁ። በሰሜን ዳኮታ፣ አሊስ ከምትባል ትንሽ መንደር አቅራቢያ፣ ስታይንቤክ ከወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ ከአንድ ተዘዋዋሪ የሼክስፒር ተዋናይ ጋር ይገናኛል። ተዋናዩ ከታላቁ እንግሊዛዊ ተዋናይ ከጆን ጊልጉድ የተጻፈለትን ደብዳቤ እንደ ታቦት ጠቅልሎ ይዞ ይዞራል። ስለ መድረክ፣ ስለ ተመልካች፣ ከመድረክ ስለ መውጣት ጥበብ ይናገራል። ሲጨርስም በጥበብ ይወጣል። በመጀመሪያ ንባቤ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ደግሜዋለሁ፤ ጓደኞቼንም ሰብስቤ አንብቤላቸዋለሁ። ደብዳቤው እንደሚያሳየው ግን ስታይንቤክ ያን ሌሊት ያደረው ከአሊስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ቢች በምትባል ከተማ፣ በሞቴል ውስጥ ነው። በሙቅ ውኃም ታጥቧል።

የእናቴን ጥያቄ የመለሰውም ይኸው ሰው ነው። በስታይገርዋልድ ስሌት ጉዞው 75 ቀን ገደማ የፈጀ ሲሆን፣ ስታይንቤክ ከእነዚህ 45 ያህሉን ያሳለፈው ከሚስቱ ጋር ነው። ሚስቱ በቺካጎና በቴክሳስ እንደተገናኘችው መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ይሁን። ከሲያትል ተነስተው የምዕራቡን ጠረፍ ይዘው ወደ ካሊፎርኒያ ሲወርዱ አብራው እንደነበረች ግን አይናገርም። የእጅ ጽሑፉ ላይ ነበረች፤ መጽሐፉ ሲታተም ወጣች። ሰማይ ጠቀስ በሆኑት የሬድዉድ ዛፎች ሥር ሰውና ውሻ ብቻቸውን ቆመው የሚታዩበት ያ ያማረ ገጽ፣ እውነቱ ሲነገር፣ ሦስተኛ ሰው ነበረበት።

እንግዲህ «ይህ ምን ያስደንቃል? ደራሲ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ጓደኞቼ ብለውኛልና። ስታይንቤክ ትልቁን ልቦለዱን፣ ከእርሻቸው ተነቅለው ወደ ካሊፎርኒያ ስለሚሰደዱት ስለ ጆድ ቤተ ሰቦች የጻፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲያሳትም የጆዶችን አድራሻ አምጣ ያለው የለም። የለም፤ ምክንያቱም ልቦለድ ነው ብሎ ሰጥቶናል። የሚገርመው ያንን ልቦለድ ከመጻፉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ በስደተኞቹ ሰፈሮች እየተዘዋወረ ለጋዜጣ ዘግቧል። ልቦለዱን ሲጽፍ ጭቃውን ረግጦ ነበር፤ ዘገባ ነው ብሎ በሰጠን መጽሐፍ ውስጥ ግን ሞቴል ተኝቶ ወንዝ ዳር አደርሁ ይለናል። የመጽሐፉ 50ኛ ዓመት እትም እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ፣ ጄይ ፓሪኒ የተባለው የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ በመግቢያው ላይ ይህን ሥራ ቃል በቃል እንደ ሆነ ነገር መቀበል ስሕተት እንደሚሆን አመልክቷል። መልካም ነው። ያ ማስታወሻ መታተም የነበረበት ግን በ1962 ነው።

ሥራዬ ባንክ ቤት ነው። መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፤ ማታ ሒሳብ እዘጋለሁ። በሙያዬ ከተማርኋቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የሐሰተኛ ብር ጉዳት በራሱ ዋጋ ልክ አለመሆኑ ነው። አንድ እስር 100 ኖት ነው። ከመካከሉ አንድ ሐሰተኛ ካገኘሁ የጎደለው አንድ ኖት ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም ፈትቼ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አነሳለሁ። ደንበኛው ያልበኛል፤ ሰልፉ ይረዝማል። 99ኙ እውነተኛ ናቸው፤ ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት በኋላ እውነተኛ መሆናቸው ብቻውን አይበቃቸውም።

ስታይንቤክን የማላልፍለት በተዋናዩ ምክንያት አይደለም። ተዋናዩ ባይኖር ማን ይጎዳል? የማላልፍለት በኒው ኦርሊንስ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1960 ሩቢ ብሪጅስ የምትባል የ6 ዓመት ጥቁር ሕፃን፣ በፌዴራል ፖሊሶች ታጅባ፣ እስከዚያ ቀን ለነጮች ብቻ ወደነበረው ዊልያም ፍራንትስ የሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባች። ነጭ እናቶች በየማለዳው ከበሩ ላይ ተሰብስበው ይሰድቧት ነበር። ስታይንቤክ በጉዞው ማብቂያ ላይ ኒው ኦርሊንስ ደርሶ፣ ቻርሊን ከሮሲናንቴ ጋር በመኪና ማቆሚያ ትቶ፣ በታክሲ ሄዶ ይህን አየ። ጋዜጦች ያላተሙትን የሴቶቹን ስድብ እርሱም ቃል በቃል አላሰፈረውም፤ ነገር ግን ሆዱ እንዴት እንደታወከ፣ ሴቶቹ ለጭብጨባ እንዴት እንደሚጮኹ፣ ያቺ ሕፃን ከትልልቆቹ ፖሊሶች መካከል ምን ያህል ትንሽ እንደነበረች ይነግረናል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ነው። እውነትም ነው፤ ፎቶግራፉ አለ፣ ፊልሙ አለ፣ ልጅቷ አድጋ ራሷ ተናግራለች።

ከዚህ ትዕይንት በኋላ ግን ስታይንቤክ ተከታትለው የሚመጡ ሰዎችን ያገናኘናል። አንድ አስተዋይ የደቡብ ሰው፣ መኪናው ላይ ተሳፍረው የሚፈሩ ጥቁር ሽማግሌ፣ በጥላቻ የተሞላ ነጭ፣ ትግሉ የዘገየበት ጥቁር ተማሪ። እያንዳንዳቸው አንድ አቋም ይዘው ይመጣሉ፤ ተናግረው ይወርዳሉ። አስተውሉ፤ በአንድ መንገድ ላይ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጉዳዩ የሚፈልጋቸው አመለካከቶች ሁሉ ተራ ይዘው እጅ አውጥተው መኪና ያስቆማሉ። መጀመሪያ ሳነብ አልጠረጠርሁም ነበር። ዛሬ ግን ወደ ብርሃን አነሳቸዋለሁ። ፈርተው ከመኪናው ለመውረድ የለመኑት ጥቁር ሽማግሌ ከኖሩ፣ ፍርሃታቸው እንደ ሩቢ ብሪጅስ እርምጃ ሊመዘገብላቸው ይገባ ነበር፤ እኔ ግን በተዋናዩ ምክንያት እርሳቸውንም እጠራጠራለሁ። ይህ በእኔ ላይ ሳይሆን በእርሳቸው ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ምናልባት ነበሩ። ምናልባት በዚያች መኪና ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠው ነበር። ሐሰተኛው ኖት ከጎናቸው ስለተቀመጠ አሁን ማስረጃ ይጠየቃሉ።

ያለው ምስክር ቻርሊ ብቻ ነው። ብልሃቱም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ውሻ ይዞ የሚሄድ ጸሐፊ ብቻውን አይደለም፣ የሚያስተባብለው ግን የለም። ሚስት አብራ ብትሆን ኖሮ «የቱ ተዋናይ ነው እሱ?» ትላለች። ቻርሊ ቢጠየቅም ደግሞ ያው ውሻ በበላበት ይጮኻል ነው፤ ለጌታው ይመሰክራል።

ታዲያ መጽሐፉን ልጣለው? አልጣልሁትም። ይልቁን አንድ ክረምት ሙሉ እርሳስ ይዤ እንደገና አነበብሁት፤ የትኛው ገጽ ወደ ብርሃን ሲነሳ መስመሩ እንደሚታይ ለማየት። ያገኘሁትን ለመናገር ያህል፦ ሰዎቹ አብዝተው ሲናገሩ ጸሐፊውን ይመስላሉ። ገበሬውም፣ ተዋናዩም፣ ሱቅ ጠባቂውም በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ያስባሉ፤ ማንም ወሬ ጀምሮ አያቋርጥም፣ ማንም ስለ ጥርስ ሕመሙ አያወራም። ተንኮለኛ ደንበኛ የሚያመጣው ደረሰኝ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ እውነተኛው ግን የዘይት ጠብታና የተሰረዘ ቁጥር አለበት። ውሻው ባለበት ገጽ ግን የዘይት ጠብታ አለ። ድቡን አይቶ ያበደው ቻርሊ ስለ አሜሪካ ምንም አያስረዳም፤ እንዲያውም ጌታው በር ላይ የተናገረውን ንግግር አበላሸበት። ሽንቱ ያልወረደለት ቻርሊ ምሳሌ አይሆንም። በጅራቱ ላይ ያለው ቀይ ወረቀት ለአዳኞች እንጂ ለአንባቢ አልታሰረም። ጸሐፊው የሚሸጠው ትምህርት በሌለበት ቦታ አምነዋለሁ። የሬድዉዱ ገጽ ግን እዚህ ላይም ያስቸግረኛል፤ ውሻ አለበት፣ ሆኖም ሚስት ወጥታበታለች። ስለዚህ መለኪያዬ ፍጹም አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ደግሞ የወጣው ነገር ነው። የተፈጠሩት ሰዎች ይቅሩ፤ ታሞ የተነሳ የ58 ዓመት ሰው፣ ብቸኝነቱ ስላልተቻለው ለሚስቱ ደብዳቤ እየጻፈ፣ እርሷም ከአገር ዳር እስከ አገር ዳር በአውሮፕላን እየመጣች፣ አሮጌ ውሻቸውን ይዘው ሁለቱ በዝናብ ሲሄዱ፤ ይህ የማይነበብ ታሪክ ነውን? ለእኔ ከጀግናው ብቸኛ መንገደኛ ይበልጥብኛል። ነገር ግን ሮሲናንቴ የሚል ስም የያዘች መኪና ሚስት ጎን ተቀምጣ አትነዳም ተብሎ ይሆናል። ያደረገው ደራሲው ይሁን አሳታሚው አልፈርድም፤ ስሙ የተጻፈበት ግን እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም የሌላውን ጉድለት ቆጥሬ የራሴን ካዝና ሳልቆጥር መሄድ ይሆንብኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ሄደን ነበር። ስመለስ የጉዞ ማስታወሻ ጻፍሁ፤ በአንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች መሰባሰቢያም አነበብሁት። በማስታወሻው ውስጥ ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው መንገድ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት አገኛለሁ፤ «ልጄ፣ ተራራውን የሚያውቀው አናቱ ላይ የወጣ ሳይሆን ከሥሩ ያረሰ ነው» ይሉኛል። አዳራሹ አጨበጨበ። አንድ ወጣት ቀርቦ ያን አባባል በደብተሩ ገልብጦ እንደወሰደ ነገረኝ። ከጉዞው የነበረች አንዲት ባልደረባዬ በማግሥቱ በሻይ ሰዓት ጠጋ ብላ፣ «ወንድሜ፣ እኒያን ሽማግሌ መቼ ወርደህ አገኘሃቸው? አንተ እንደሆንህ ከደባርቅ ጀምሮ ታምመህ ተኝተህ ነበር» አለችኝ። ሳቅሁ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ እየቀለደች አልነበረም፤ በእርግጥ ሰውየውን እንዳመለጧት ቆጥራ ቆጭቷት ነበር የጠየቀችኝ።

ሽማግሌው አልነበሩም። የነበረው የመንገዱ ጠመዝማዛ፣ የላስቲክ ከረጢት፣ አንገቴን የደገፈልኝ የሾፌሩ ረዳትና ዓይኔን በከፈትሁ ቁጥር ከመስታወቱ ማዶ የማየው ጉም ነው። አንድ ጊዜ ጉሙ ሲገለጥ ብዙ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ሲነቅሉ አይቻለሁ፤ ከዚያ እንደገና ተጋረደ። ረዳቱ ስሙን ነግሮኝ ነበር። አልጻፍሁትም፤ ለጽሑፍ የሚሆን ነገር አልተናገረም ብዬ ነው። አሁን ረስቼዋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ማስታወሻውን እንደገና እንዳነብ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ አጭር ነው የሚሆነው። አባባሉን በደብተሩ የገለበጠው ወጣት ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ እፈራለሁም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ለእናቴ ነገርኋት። ያ ከውሻው ጋር የዞረው ፈረንጅ፣ ሚስቱ አብዛኛውን መንገድ አብራው ነበረች አልኋት። አልተደነቀችም። ስኒውን እያለቃለቀች፣

«አላልሁህም? ታዲያ ለምን ደበቃት?» አለችኝ።

«ብቻውን የሄደ መምሰል ፈልጎ።»

«እ…» አለችና ጀበናውን ከእሳቱ አነሳች። ሁለተኛውን ቀድታ ሰጠችኝ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ስኒውን ሳነሳ፣

«ውሻውስ?» አለች። «ውሻውም ውሸት ነው?»

«ውሻው እውነት ነው፣ እማዬ።»